የሚቆይ ሰው ፍለጋ፦ ሀዋሳ ላይ ኦቲዝም ላላቸው ተማሪዎች የዳንስ ስቱዲዮ ሠራተኛ ስትቀጥሩ

ሀዋሳ ውስጥ ዳንስ የሚችል ሰው ማግኘት ቀላል ነው። የባህል ምሽት ቤት አለ፣ የሆቴል ባንድ አለ፣ የሠርግ ተወዛዋዥ አለ። ቲክቶክን ከከፈታችሁ ደግሞ ከሰፈሩ ወጣት ግማሹ ዳንሰኛ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። የቀጠራችሁት ሰው ከሦስት ወር በኋላም እዚያው ይገኛል ወይ?

ተራ ዳንስ ቤት ውስጥ አሰልጣኝ ቢቀየር ተማሪው ትንሽ አጉረምርሞ ይለምዳል። ኦቲዝም ላለው ተማሪ ግን የሰው መቀየር ትልቅ ነገር ነው። ከአዲሱ ሰው ጋር አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ሽቶ፣ አዲስ የአነጋገር ፍጥነት ይመጣል። ብዙዎቹ ተረጋግተው የሚማሩት ነገሮች በለመዱት ቅደም ተከተል ሲሄዱ ነው። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ስቱዲዮ በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል፤ ወላጅም ይሰለቻል። ስለዚህ ጎበዝ ዳንሰኛ ከመፈለጋችሁ በፊት የሚቆይ ሰው ፈልጉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተጻፉት በዚህ ዓይን ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሥራውን ጻፉ

ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። በአንድ ክፍል ውስጥ ማን ምን ይሠራል? እኔ ብጀምር በአንድ ጊዜ ከአምስት ተማሪ በላይ አላስገባም። ለአምስቱ አንድ ዋና አሰልጣኝ፣ ሁለት ደጋፊዎችና አንድ የበር ሰው ያስፈልጋሉ። "ለአምስት ልጅ አራት ሠራተኛ? አያዋጣም!" የሚል ይኖራል። ካላዋጣ የሚስተካከለው ዋጋው ወይም የክፍሉ ብዛት ነው። የሰው ቁጥር ላይ መቆጠብ አደጋ አለው።

ዋናው አሰልጣኝ ክፍሉን ይመራል። ደጋፊዎቹ ከተማሪው ጎን ሆነው እንቅስቃሴውን ያሳያሉ፣ ዕረፍት የሚፈልገውን ወደ ፀጥታው ጥግ ይወስዳሉ። ብዙ ሰው የሚንቀው የበሩን ሰው ነው። ሀዋሳ ላይ ግን ይህን ሰው መናቅ አይቻልም። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች መካከል ሳይታሰብ ተነስተው የሚወጡ ብዙ ናቸው፣ ውሃ የሚስባቸውም አይጠፉም። በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ወጥተው ከሚጠፉ ልጆች የብዙዎቹን ሕይወት የሚቀጥፈው ውሃ እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል። እኛ ደግሞ ሐይቁ እዚሁ ነው። ስቱዲዮው ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ወይም አሞራ ገደል አቅራቢያ ከሆነ፣ የበሩ ሰው በክፍሉ ሰዓት ከበሩ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ሻይ ይዞ እንዲመጣ አይላክም። ወለል አይወለውልም። ባጃጅ አያስቆምም።

የጽዳት ሠራተኛም በዝርዝሩ ይግባ። ከክፍል በፊት በረኪና የሸተተበት ወይም እጣን የጨሰበት አዳራሽ ለአንዳንድ ተማሪ ገና ሳይጀመር ያበቃ ክፍል ነው። ይህን የሚያስረዳት ካላገኘች ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የት ትፈልጓቸዋላችሁ?

ለዋና አሰልጣኝነት ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው ዳንስ የሚችል፣ ስለ ኦቲዝም የማያውቅ። ሁለተኛው በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቀ፣ ዳንስ ላይ ግን እጁ የሚያጥር። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ካላገኛችሁ እኔ የምመርጠው ትዕግሥት ያለውን ዳንሰኛ ነው። ስለ ኦቲዝም በሥልጠናና በልምምድ ብዙ ይማራል፤ ትዕግሥት ግን በሥልጠና ሲመጣ አላየሁም። በልዩ ፍላጎት የተመረቀችውን ደጋፊ አድርጋችሁ ከጎኑ ብታቆሟት ክፍሉ ይሟላል። ደመወዟን ግን የ"ረዳት" ደመወዝ አታድርጉት። የምትሸከመው እኩል ነው።

ዳንሰኛ ስትፈልጉ ከመድረክ ይልቅ ልጆች ሲያሠለጥኑ የከረሙትን ተመልከቱ። የወጣት ማዕከል የኪነት አሰልጣኞች፣ የትምህርት ቤት ክበብ መሪዎች፣ የሰርከስና የጅምናስቲክ አሰልጣኞች ይጠቅማሉ። የሲዳማውን ቄጣላ፣ የወላይታ፣ የጉራጌ ጭፈራ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ካለ ደስ ይበላችሁ። ብዙ ተማሪዎች በፍቼ ጨምበላላም ሆነ በሠርግ ላይ ያዩት እንቅስቃሴ ነው፤ ድግግሞሹም ይመቻቸዋል።

ለደጋፊነት የማይታሰቡ ግን ምርጥ የሆኑ ሰዎች አሉ፦ ኦቲዝም ያለው ወንድም ወይም እህት ያላቸው ወጣቶች። ቤታቸው ውስጥ ሲኖሩ ያዩት ነገር በየትኛውም ኮርስ አይገኝም። እናቶችም እንዲሁ። አንድ ሕግ ብቻ አብጁ፤ ማንም የራሱ ልጅ ወይም ወንድም ባለበት ክፍል አይሠራም። አለበለዚያ ዓይኑ ከዚያ ልጅ ላይ አይነሳም።

ኦቲዝም ያለውን ሰው ራሱን መቅጠርስ? ለምን አይሆንም። ሙዚቃውን በተራ ማጫወት፣ አቴንዳንስ መያዝ፣ ደጋፊ መሆን፣ አልፎም ማሠልጠን የሚችል አዋቂ አለ። አካል ጉዳተኞች በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎ እንዳይደረግባቸው የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለሥራው የሚመች ሁኔታ የማመቻቸትን ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ኦቲዝም ላላቸው ሰዎች የተከፈተ ስቱዲዮ እነሱን ለመቅጠር ካመነታ ወላጆች ይታዘቡታል።

በደላላ ግን አትቅጠሩ። ደላላ የሚያመጣው ሰው ቸኩሎ የሚመጣ፣ ቸኩሎ የሚሄድ ነው።

ደረጃ 3፦ ማስታወቂያው

ቴሌግራም ላይ የምናየው ማስታወቂያ "መልከ መልካም፣ ተግባቢ፣ ደመወዝ በስምምነት" የሚል ነው። መልክ እዚህ ሥራ ላይ ምንም አይሠራም። "በስምምነት" ደግሞ ሌላ ቦታ ትንሽ ሲጨመርለት የሚሄደውን ሰው ይጠራላችኋል። ደመወዙን በቁጥር ጻፉት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"ኦቲዝም ላላቸው ልጆችና አዋቂዎች ዳንስ በሚያስተምር ስቱዲዮ ውስጥ ደጋፊ አሰልጣኝ እንፈልጋለን። ሥራው በሳምንት አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወለል ላይ መቀመጥ፣ መጠበቅ፣ አንድን እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት። ቢያንስ አንድ ዓመት ለመቆየት የሚያስብ ሰው ብቻ ያመልክት። አማርኛና ሲዳሙ አፎ የሚናገር ይመረጣል። የዲግሪ ግዴታ የለም። ደመወዝ፦ …"

ቋንቋው እንዲሁ ለይምሰል የገባ አይደለም። ቤቱ የሚሰማው ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ ብቻ የሆነ ልጅ በአማርኛ "እጅህን አንሳ" ሲባል ዝም ቢል፣ ሰው "አይገባውም" ይለዋል። የገባው ነገር ሌላ ቋንቋ ላይ ነበር።

ደረጃ 4፦ ቃለ መጠይቁ

አጭር ይሁን። በወሬ የሚታወቀው ነገር ትንሽ ነው። አራት ጥያቄ ይበቃኛል።

"ኦቲዝም ከምን ይመጣል ብለህ ታስባለህ?" አንዳንዱ እርግማን ይላል። አንዳንዱ እናቲቱን ይወቅሳል፤ ክትባት የሚልም አለ። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ሰው ይዞት የሚወለደውና ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የሚኖር ነገር ነው። ግን አመልካቹ ተሳስቷል ብላችሁ ወዲያው አትሰርዙት፤ ብዙ ሰው የሰማውን ነው የሚናገረው። ትክክለኛውን ንገሩትና ፊቱን እዩ። "እንዲህ ነው እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠቅማችኋል። "እኔ አድነዋለሁ" የሚለውን ግን በሰላም ሸኙት።

"ተማሪው ጆሮውን ይዞ ወለል ላይ ቢተኛ ምን ታደርጋለህ?" "አስነሳዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ" የሚል መልስ ጥሩ ምልክት አይደለም። "ሙዚቃውን እቀንሳለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ" የሚል ሰው ያለ ሥልጠናም ገብቶታል። ያ ልጅ እያመፀ ላይሆን ይችላል፤ ድምፁ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ይሆናል።

"ከመጨረሻ ሥራህ ለምን ለቀቅክ?" ይህን አትዝለሉ።

"መስከረም ላይ የት ነህ?" ይህኛው ያስቃል፣ ግን ሁነኛ ጥያቄ ነው። ወላይታው ለጊፋታ፣ ጉራጌው ለመስቀል አገር ቤት ይሄዳል። ሲዳማው ደግሞ፣ ወሩ ሌላ ቢሆንም፣ በፍቼ ከቤተሰቡ ጋር ይሆናል። መከልከል አይቻልም፣ አይገባምም። ቀድማችሁ ካወቃችሁ ግን የክፍሉን ዕረፍት በዚያው ታደርጋላችሁ፤ ተማሪዎቹም በሥዕል በተሠራው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀድመው ያዩታል። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19ንም አትርሱ። ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ መንገዱ፣ ድምፁ፣ ግፊያው ለተማሪም ለሠራተኛም አይሆንም።

ደረጃ 5፦ የሙከራ ክፍል

ሰው የሚታወቀው እዚህ ነው። ሲቪ የሚያወራው ሌላ፣ ወለሉ ላይ የቆመው ሰው ሌላ ነው። ሙከራውን በሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ያለ ተማሪ፣ የራሳችሁ ሰዎች ተማሪ ሆነው። ይህን ያለፈ ብቻ ሁለተኛው ቀን እውነተኛ ክፍል ይገባል፤ ያውም ወላጆች ፈቅደው፣ የእንግዳው ፎቶ ለተማሪዎቹ ቀድሞ ታይቶ፣ እሱ ደግሞ ከማንም ጋር ብቻውን ሳይሆን። ለሙከራው ቀን ክፈሉ። በነፃ ማሠራት ገና ከጅምሩ አመኔታ ያሳጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት እንቅስቃሴ ያለው እስክስታ ያለ ምንም ንግግር አስተምር በሉት። ብዙ ዳንሰኛ እዚህ ላይ ይጨነቃል። አፉ ስለለመደ "አንድ፣ ሁለት፣ በርታ፣ አይዞህ፣ ወደዚህ!" እያለ ያዘንባል። ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን መመሪያው ከጩኸቱ አይለይም። በአካሉ የሚያሳይ፣ በሥዕል ካርድ የሚጠቀም፣ ከዚያ ዝም የሚል ሰው ፈልጉ።

ቀጥሎ መጠበቁን እዩ። አንድ መመሪያ ሰጥቶ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር። አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ለእኛ ለሀበሾች ከባድ ነው፤ ወሬው ሲቋረጥ ያፍረናል። ለተማሪው ግን የሰማውን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥባት ጊዜ እሷ ናት። በአምስተኛው ሰከንድ መመሪያውን ደግሞ የሚናገር ሰው ሳያውቀው ተማሪውን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

ከዚያ ሳትነግሩት ሙዚቃውን አጥፉት። መብራት ጠፋ እንበል። ይህ ሀዋሳ ላይ የሚገጥም ነገር ነው። ምን ያደርጋል? ስልኩን አውጥቶ "ቆይ ቆይ" ይላል? ወይስ በጭብጨባ፣ በከበሮ፣ በእግሩ ምቱን ያስቀጥላል? ሙዚቃ ድንገት መቋረጡ ራሱ የሚያስደነግጠው ተማሪ አለ። ምቱን የማያቋርጥ አሰልጣኝ ያኔ ወርቅ ነው። በሙከራው ላይ ከሁሉ የምወደው ይህችን ነው።

በሁለተኛው ቀን ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡና ሰላምታውን ተመልከቱ። እኛ ልጅ ስናይ "ነይ ሳሚኝ" ማለት ወጋችን ነው። ጉንጭ እንስማለን፣ ትከሻ እናጋጫለን። መነካት የሚያውከው ልጅ ግን በዚህ ሰላምታ ብቻ ቀኑ ይበላሻል። ጥሩ አመልካች ራቅ ብሎ እጁን ያውለበልባል፣ ልጁ ራሱ እስኪጠጋ ይጠብቃል። እንቅስቃሴ ሲያስተካክልም እጅ ይዞ አይጎትትም። ያሳያል፣ ካስፈለገም አስፈቅዶ ይነካል።

ተማሪው እጁን ሲያርገበግብ ወይም ሲወዛወዝ ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። "ተው" ካለ ማስተማር ይቀረዋል። ያንኑ ማርገብገብ ወስዶ የዳንሱ አካል ካደረገው ግን ቃለ መጠይቁን እርሱትና ቅጠሩት።

አዋቂ ተማሪዎች ካሏችሁ አጠራሩንም ስሙ። የ26 ዓመቱን ወጣት "ማሙሽ"፣ የ30 ዓመቷን ሴት "ሚጢ" የሚል ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍቅር መስሎት ነው። ግን ይታረም። በስማቸው፣ በዕድሜያቸው ልክ፣ አንቱ የሚባለውም አንቱ ተብሎ ይጠራ። መናገር የማይችል ሰው መስማት አይችልም ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ተማሪዎቹን ጠይቁ። የማይናገር ተማሪ የአመልካቹን ፎቶ ከደስተኛና ከተከፋ ፊት ካርድ ጋር ሲቀርብለት ሊመርጥ ይችላል። ቢያንስ ወደ ማን ጎን እንደሄደ አይታችኋል።

ደረጃ 6፦ ማጣራት

እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። የፋይዳ መታወቂያ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሁለት የቀድሞ አሠሪዎች ስልክ ጠይቁ። ስልኩንም ራሳችሁ ደውሉ። "ጎበዝ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም አዎ ይላል። "ልጅዎን ከሱ ጋር ትተው ይሄዳሉ?" በሉ። ከመልሱ በፊት ያለው ዝምታ ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል። ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ግን ተያዥ ለጠፋ ዕቃ ነው የሚሆነው።

ወረቀቱ ንፁህ ቢሆንም ሁለት ሕግ ይኑራችሁ። ማንም ሠራተኛ ከአንድ ተማሪ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይሆንም። መፀዳጃ ቤት የሚያግዝ ሰው ወላጅ አስቀድሞ በስም የፈቀደለት ብቻ ነው። የደረሰበትን መናገር የማይችል ተማሪ ስላላችሁ፣ ይህ ለእሱ ከለላ ነው። ሐቀኛ ሠራተኛም በሐሜት እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 7፦ ውልና ክፍያ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። 60ውን ቀን በሙሉ ተጠቀሙበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው መልአክ ነው። የጡረታ መዋጮም አለ፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከእናንተ 11 በመቶ። "ጡረታ ይቅርና በእጄ ስጡኝ" የሚል ሠራተኛ ይኖራል። እሺ አትበሉ።

አከፋፈሉ ላይ አንድ ነገር ልምከር። በክፍል ቁጥር አትክፈሉ፤ በወር ክፈሉ። በክፍል የሚከፈለው ሰው ክፍል በተሰረዘ ቁጥር ኪሱ ይጎዳል፣ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ዳንሰኛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ገበያ እንዳለውም አትዘንጉ። ከሠርግ ጋር መወዳደር አትችሉም። ስለዚህ አትወዳደሩ። ክፍሉን በሥራ ቀን ከ9 እስከ 11 ሰዓት አድርጉት። ቅዳሜና እሁዱን፣ ማታውንም የሆቴሉን ሥራ ይሥራበት። "ሌላ ቦታ እንዳትሠራ" ብሎ ያሰረውን ስቱዲዮ ነው ሰው ጥሎ የሚሄደው።

ውሉ ውስጥ ስለ ስልክ አንድ አንቀጽ ይግባ። ዳንሰኛ ባለበት ቲክቶክ አለ። ተማሪ የሚታይበት ቪዲዮ፣ ለበጎም ቢሆን፣ ያለ ወላጅና ያለ ተማሪው ፈቃድ አይቀረጽም፤ በሠራተኛው የግል ገጽ ላይማ ጭራሽ። በክፍል ሰዓት ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲሱ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት አያስተምርም። ይቀመጣል፣ ያያል፣ ተማሪዎቹ ይለምዱታል። ስለ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ስጡት፦ ምን ያስደስተዋል፣ ምን ያውከዋል፣ "በቃኝ" የሚለው እንዴት ነው፣ ሲረበሽ ምን ይረዳዋል። ገጹን የሚያዘጋጀው ወላጅ ነው፤ የሚችል ከሆነ ደግሞ ተማሪው ራሱ።

ቃላቱን አንድ አድርጉ። አንዱ "ቁም"፣ ሌላው "አቁም"፣ ሦስተኛው "በቃ" ካለ ሦስት የተለያየ ትዕዛዝ ነው። አምስት ስድስት ቃል ምረጡ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ የበሩ ሰውም ይያዛቸው።

የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ ያጋጥማል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ክፍል አይግባ፦ ተማሪው ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ክብሪት አይሸትም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አሁንም አለና በግልጽ ንገሩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስን ጥሩ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አቅም ካላችሁ ዋናውን አሰልጣኝ አዲስ አበባ ላኩትና ቀድመው የጀመሩትን ይጎብኝ። ዘሚ የኑስ የመሠረተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ከ20 ዓመት በላይ የሠራ ነው። ደውላችሁ አስፈቅዱ፣ የጉዞውንና የአበሉን ወጪ እናንተ ሸፍኑ።

ደረጃ 9፦ ሲለቅ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የሚለቅ ይኖራል። ያገባል፣ ውጭ ይሄዳል፣ የተሻለ ያገኛል። በሕጉ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚያን 30 ቀናት ለተማሪዎቹ ተጠቀሙባቸው። ተተኪው ሳምንት ሙሉ ከጎኑ ይቁም፣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እንቅስቃሴ ይረከብ፣ በሦስተኛው ግማሹን ክፍል ይምራ። በቀን መቁጠሪያው ላይ የመጨረሻው ቀን በፎቶ ይታይ። ለወላጆችም ደብዳቤው በመጀመሪያው ሳምንት ይድረሳቸው፤ ቤት ውስጥ ለልጃቸው ደጋግመው እንዲነግሩት። ሠራተኛው ተመልሶ የማይመጣ ከሆነ "ነገ ይመጣል" ተብሎ አይነገረው፤ ልጁ ያንን ነገ ሲጠብቅ ይከርማል።